መስመሩ ሲቋረጥ

የካውያዬ ጫፍ ጎብጧል። ደንበኞቼ ምን ነካው ሲሉኝ ወደቀብኝ እላለሁ። እውነቱን ብነግራቸው ሱሪውን በእሱ የሚያስተኩስ ሰው አላገኝም። የሰው አገጭ ያደቀቀ ካውያ ነው።

የማን አገጭ? የጎረቤቴ የማይኩ። ስሙ ሌላ ነው፤ ግን በግቢያችን በስሙ የሚጠራው የለም። የእሱና የእኔ ክፍል ድሮ አንድ ክፍል ነበር፤ አከራያችን ናት መሃሉን በቺፑድ ከፍላ ሁለት ቤት ያደረገችው። እሱ ሲያነጥሰው እኔ ከዚህ "ይማርህ" እላለሁ። የእኔ የስፌት መኪና ሲንጫጫ እሱ ከዚያ "እትዬ፣ ቀጥታ ስርጭት ላይ ነኝ!" ብሎ ቺፑዱን ይደበድባል።

ድምፁን ሰምቶ መልኩን ያየ ሰው ይደነግጣል። ድምፁ በር ጎንበስ ብሎ የሚገባ የግዙፍ ሰው ድምፅ ነው። ባለቤቱ ግን እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ፣ መነጽሩ ፊቱን የሞላው፣ እኔ በልጅ ልክ ሸሚዝ የምሰፋለት ሰውዬ ነው። ራሱም ያውቀዋል። ለዚህ ነው በስልክ በሚያስተላልፈው ፕሮግራሙ ላይ ፊቱን የማያሳየው፤ የማይክራፎን ሥዕል ለጥፎ ከሥዕሉ ኋላ ይጮኻል። "ሕዝቡ በልቡ የሣለውን ሰው ለምን ልግደልበት?" ይለኝ ነበር።

ድሮ ሬዲዮ ጣቢያ ኳስ አስተላላፊ ነበር። ጨዋታው ሌላ ከተማ ሲሆን እሱ ስቱዲዮ ቁጭ ብሎ፣ ሜዳ ያለው ባልደረባው በስልክ የሚነግረውን እየተቀበለ ነበር የሚያስተላልፈው። "መስመሩ ሲቋረጥስ?" ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኩት።

ሳቀብኝ። "እትዬ፣ ዝምታ ክልክል ነው። አድማጭ ዝምታ ከሰማ ጣቢያ ይቀይራል። መስመሩ እስኪመለስ ራሴው እጫወታለሁ። ተከላካዩ ለአማካዩ፣ አማካዩ መልሶ ለተከላካዩ። ሲጨንቀኝ አንዱን ቁርጭምጭሚቱን አስይዤ እጥለውና ሐኪም አስገባለሁ።"

"አቤት ውሸት!"

"ሕግ አለው እኮ። መስመር ሲቋረጥ ጎል አይገባም። ኳሷን መሃል ሜዳ አንከባልላታለሁ እንጂ መረብ አላስነካትም። ጎል ካስገባሁ በኋላ መስመሩ ተመልሶ ጎል ባይኖርስ?"

ይህቺን ሕጉን ያዙልኝ።

ከሬዲዮ የተባረረው በእረፍት ሰዓት በከንቲባው ቀልዶ ነው። ያባረሩት ሰዎች ጠቀሙት። "የሕዝብ አፍ" ብሎ በስልኩ የጀመረው ፕሮግራም ጣቢያውን ራሱን አስናቀ። ታክሲው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ገበያው፣ ሁሉ እሱን ከፍቶ ነው የሚውለው። ሳምንቱን ሙሉ ከቀለደበት ባለሥልጣን ወንበሩ ላይ የቆየ አላየሁም። ምርጫ ሲደርስ የሚወዳደሩት ሰዎች መኪናቸውን አስፋልቱ ላይ አቁመው፣ በተወለወለ ጫማ ጭቃችንን እየዘለሉ ይመጡ ነበር። አንዱ በሩን አንኳኩቶ ሲከፈትለት "ልጅ፣ አባትህ የሉም?" ብሎ ሲጠይቀው በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በኋላ የገበያው ጉዳይ መጣ። ማዘጋጃ ቤቱ አሮጌውን ገበያ አፍርሶ ሊሠራ ነው ተባለና ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ለኪዎች በየሱቁ ደጃፍ ሜትር መዘርጋት ጀመሩ። ማይኩ "ምስጦቹ" አላቸው። በምላሱ ቅርጭ፣ ቅርጭ፣ ቅርጭ የሚል ድምፅ እያሰማ "ዛሬ የማንን ምሰሶ በሉ?" ይላል። አገሩ ሳቀ። ሕፃናት ሳይቀሩ ቢጫ ሰደርያ ሲያዩ ቅርጭ ቅርጭ ማለት ጀመሩ። እኔም ስቄያለሁ፣ ምን ይደረግ፣ ያስቃላ።

ሳቁ ግን ብዙም ሳይቆይ ድንጋይ ያዘ። አንዲት የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊን ታክሲ ስትጠብቅ አፏን በድንጋይ ብለው የፊት ጥርሶቿን አረገፉላት። ጥርሷን ከመሬት ስትለቅም "አሁን ቅርጭ አድርጊ!" አሏት። ማይኩ በማግስቱ በዚያውም ቀለደ። ጥርስ የሌለው ምስጥ ምን እንደሚበላ ሲያወራ እኔ በቺፑዱ በኩል "ይሄስ አላሳቀኝም" አልኩት።

"እትዬ ደግሞ፣ ቀልድ እኮ ነው። እኔ ድንጋይ ወረወርኩ?"

የስፌት መኪናዬን መርገጥ ቀጠልኩ። ዝም ያልኩበት የራሴም ምክንያት ነበረኝ። ያንን ቢጫ ሰደርያ የምሰፋው እኔ ነበርኩ። ከማዘጋጃ ቤት አንድ ሰውዬ ጨርቁን አምጥቶ ሰጥቶኝ፣ ሁሉንም ሰፍቼ አስረክቤ፣ የሚያብረቀርቀውን ጥብጣብ አጣምሜ የሰፋሁበትን አንዱን መልሶልኝ ከመጋረጃዬ ኋላ ተሰቅሎ ነበር። ምስጥ አልባሽ መሆኔን ጎረቤቴ እንዳይሰማ ትንፋሼን ውጬ ነበር የምኖረው።

ካውያዬ የጎበጠበት ቀን ከምሳ በኋላ የማይኩ እህት እኔ ዘንድ ልብስ ልትለካ መጥታለች። አንድ እህቱ ናት፣ ያሳደገችውም እሷ ናት። ባሏ ጎሚስታ ነው፤ ከገበያው ጀርባ ባለው መንገድ ላይ በአሮጌ ኮንቴይነር ውስጥ ጎማ ያድሳል። ማይኩ ምሳውን ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚበላው፣ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ ከእህቱ ባል ጋር እየተሰዳደበ። ጎሚስታው "የሕዝብ አፍ መጣ፣ ሳህን ደብቁ!" ካላለው ምግቡ አይወርድለትም።

እጅጌዋን በስፒል እየያዝኩላት ሳለ ከግድግዳው ማዶ ማይኩ ጀመረ። ገበያ ውስጥ ሕዝቡ አንዱን ለኪ እያባረረው ነው። አንዲት አትክልት ሻጭ ስልኳን ይዛ እየሮጠች ምስሉን ታስተላልፍለታለች፣ እሱ ይተርካል።

"ወገኖቼ፣ ምስጡ ይሮጣል! ግራ ክንፍ ይዟል! ከሽንኩርት ተራ አለፈ! ኦ፣ ድንጋይ! ጭንቅላቱን አገኘችው! ደሙ ቢጫውን ቀይ አደረገው፣ ማልያ ቀየረ ወገኖቼ! ወደቀ! ተነሳ! ቅርጭ፣ ቅርጭ! ወደ ጀርባው መንገድ ታጠፈ፣ ብቻውን ነው፣ ብቻውን ከሕዝቡ ጋር!"

እህቱ ፊቷን አጨማደደች። "ይሄ ልጅ የሚያወራው ስለ ሰው ነው?"

"አትንቀሳቀሽ፣ ስፒል አለብሽ" አልኳት።

ከዚያ ማዶ ትንሽ ፀጥ አለ። "አለሽ? ባለ አትክልቷ፣ ምስልሽ ቆመብኝ" ሲል ሰማሁ። መስመሩ ተቋርጧል። አንድ ትንፋሽ ያህል ቆየና ያ ትልቁ ድምፅ ተመለሰ። ኳሷን መሃል ሜዳ ማንከባለል ጀመረ። ምስጡ ወደ ቀኝ አየ፣ ወደ ግራ አየ፣ ትንፋሹ አጠረ፣ ዞረ፣ ተመለሰ። አሁን ቁርጭምጭሚቱን አስይዞ ይጥለዋል ብዬ ስጠብቅ፣ ድምፁ እየጋለ፣ እየጋለ ሄደ።

"ገባ! ገባ ወገኖቼ! ጎማ ከተከመረበት፣ ከሰማያዊው ኮንቴይነር ውስጥ ገባ! ጎሚስታው በሩን ዘጋለት! ምስጥ ለምስጥ ተደባበቁ! ገባአአአአ!"

የእህቱ እጅ ከእጄ ተመዞ ወጣ፣ ስፒሉ ክንዷን ከላይ እስከ ታች ቧጨራት፤ የተሰማትም አልመሰለኝ። ያላየውን መንገድ ሲፈጥር ዐይነ ልቡናው የሚያውቀውን በር ነው የሳለለት፤ በየቀኑ ምሳ የሚበላበትን በር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ በቺፑዱ በኩል የምሰማው ስልክ ላይ ከሚሰማው ትንሽ ይቀድማል። እህቱ በባዶ እግሯ ወጥታ የማይኩን በር በሁለት እጇ ስትደበድብ፣ ቃሉ ከአፉ ወጥቷል፣ ገበያው ጋ ግን ገና አልደረሰም። በዚያች ቅንጣት ጊዜ ጎሚስታው ፉጨቱን እያፏጨ ብሎን ይፈታ እንደነበረ በኋላ ነግሮኛል።

"ክፈት! አንተ፣ ክፈት! ባሌን አስገደልከው!"

ሲከፍትልን ማዳመጫው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። "ምን ሆናችሁ? አየር ላይ ነኝ!"

"ማነው ኮንቴይነሩ የገባው? አይተሃል?"

"መስመሩ ተቋርጦብኝ እኮ…" አለና ቆመ። ፊቱ አመድ ሲመስል አየሁት። አሁን ገና ያለውን የሰማ ይመስል ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ በራ። የአትክልት ሻጯ መስመር ተመለሰ። የሚታየው ሰማያዊው ኮንቴይነር ነው። ሕዝቡ ደርሷል። ጎሚስታው በሩ ላይ ቆሞ ሁለት እጁን ዘርግቶ "ማንም የለም፣ ግቡና እዩ!" ሲል አንዱ ከመሬት ክሪኩን አንስቶ ትከሻውን አለው። ሌላው በጎማ መፍቻው ብረት ጉልበቱን። ተንበርክኮ ወደ ውስጥ ሲሳብ በሩን ከውጭ ሲገፉበት ጣቶቹ መሃል ቀሩ። ጩኸቱ በስልኩ ቀጭን ሆኖ ይሰማል። ጣቶቹን መንጭቆ አወጣና ብረት በሩ ተዘጋ፣ እሱ ከውስጥ፣ እነሱ ከውጭ። "ሁለቱንም እንጠብሳቸዋለን!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ጎማ እያንከባለሉ በሩ ላይ መከመር ጀመሩ።

እህቱ የወንድሟን ሸሚዝ ይዛ ወደ ማይክራፎኑ ጎተተችው። "ንገራቸው! ውሸቴን ነው በላቸው!"

ተናገረ። ይህን አልነፍገውም፣ ወዲያው ነው የተናገረው። ድምፁ ግን ሌላ ሆኖ፣ እየተንቀጠቀጠ ነው የወጣው። "ወገኖቼ፣ ተሳስቻለሁ… ማንም አልገባም… መስመሩ ተቋርጦ ነው፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ሰውየው የእህቴ ባል ነው። እባካችሁ ተዉት።" እህቱ ከኋላው "በፈጣሪ!" እያለች ትጮኻለች።

በስክሪኑ ላይ የአድማጮች መልእክት እንደ ጉንዳን ወረደ። "ይህ የእሱ ድምፅ አይደለም።" "አስገድደውት ነው።" "ሴት ስትጮኽ ይሰማል፣ ቤተሰቡን ይዘውበታል!" "ምስጦቹ ቤቱ ገብተዋል።" "ኮንቴይነሩን አቃጥሉ፣ ያኔ ወንድማችንን ይለቁታል።"

"እውነት ነው እኮ የምላችሁ!" ብሎ ጮኸ። በጮኸ ቁጥር ባሰባቸው። ስንት ዓመት የፈጠረውን ሁሉ አምነውት አንድ ቀን እውነት ሲናገር አላመኑትም። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅበት ነበር።

የመጀመሪያው ጎማ ጭስ አወጣ። ጥቁሩ ጭስ ምስሉን ሸፈነው። ከኮንቴይነሩ ውስጥ ብረት የሚደበደብበት ድምፅ ይመጣል፣ ጓ፣ ጓ፣ ጓ።

ማይኩ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ። "ዝም በሉ እስቲ" አለን። ወንበሩን ሳበ። አፉን ወደ ማይክራፎኑ ሲያስጠጋ ያ ትልቁ፣ የኳስ ሜዳው ድምፅ ተመለሰ።

"ወጣ! ወገኖቼ፣ ወጣ! ምን ነክቷችሁ ነው፣ በጀርባው ወጣ እኮ! ሌላ ሰው ምስሉን ልኮልኛል፣ ቢጫው በግልጽ ይታየኛል! ባዶ ኮንቴይነር ልታቃጥሉ ነው? በወፍጮ ቤቱ በኩል፣ ሩጡ፣ ሩጡ!"

በስልኩ ላይ ሕዝቡ ሲንቀሳቀስ አየን። የተወሰነው ሮጠ። የተወሰነው ግን እሳቱን ከቦ ቆሟል። "የት ነው? አላየነውም!" የሚል መልእክት መጣ። የሚያሳድዱት ሰው የለማ። ሰው ካላሳያቸው ተመልሰው ያንኑ በር ነው የሚያቃጥሉት።

"ዳቦ ቤቱ ጋ ደረሰ…" አለ።

"ዳቦ ቤት ሴቶች አሉ!" አለች እህቱ በሹክሹክታ።

"ዳቦ ቤቱን አለፈ! ወደ መድኃኒት ቤቱ…" አለና መድኃኒት ቤት ያለችውን ልጅ አሰበ መሰለኝ፣ "አለፈ!" አለ። በየበሩ ሰው አለ። አንድ በር መስጠት አለበት፤ በየትኛውም በር ቢያስገባው ሌላ ሰው ነው የሚቃጠለው። ቀና ብሎ አየን፣ መጀመሪያ እህቱን፣ ቀጥሎ እኔን።

"ገባ" አለ፣ አሁን በዝግታ። "አረንጓዴ በር። በሩ ላይ 'ዘመናዊ ልብስ ስፌት' የሚል ጽሑፍ አለ። እዚያ ግቢ ውስጥ ነው። ኑና ያዙት። ሁላችሁም ኑ፣ ብዙ ናቸው፣ አንድም ሰው እዚያ እንዳይቀር!"

በሕይወቴ ለሙያዬ የተሠራልኝ ማስታወቂያ ያ ብቻ ነው።

ስርጭቱን ዘግቶ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ተነሳ። እህቱን በትከሻዋ ይዞ "በጓሮው አጥር ሂጂ። ሲመጡ እዚያ ማንም አይቀርም፤ ጎማውን ገፍተሽ ክፈችለት" አላት።

"አንተስ?"

"ሂጂ አልኩሽ! ጭሱ ይጨርሰዋል!"

ሄደች። ክንዷ ላይ ያለው ያልተሰፋ እጅጌ እየተንጠለጠለ አጥሩን ስትዘል አየኋት። ማይኩ ወደ እኔ ክፍል ገባ፣ እኔም ተከተልኩት።

"እትዬ፣ ያቺን ቢጫ ሰደርያ ስጪኝ።"

"የ… የምን ሰደርያ?"

"ከመጋረጃው ኋላ ያለችውን። ግድግዳው ለእኔም እኮ ቀጭን ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬ ጋር ስትነጋገሪ ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን አላወራህብኝም?"

"ሸሚዜን ማን ይሰፋልኛል?"

ሰጠሁት። ለበሰው፣ እስከ ጉልበቱ ደረሰለት። መነጽሩን አውልቆ እጄ ላይ አስቀመጠ። ያለ መነጽር ዐይኑ የሕፃን ዐይን ነው።

"መልኬን አያውቁትም" አለ። "ድምፄን ግን በእንቅልፋቸውም ያውቁታል። አንድ ቃል ከተነፈስኩ እኔ መሆኔን ያውቃሉ፣ እንዳታለልኳቸው ይገባቸዋል፣ ተመልሰው ይሄዳሉ። ስለዚህ እኔ ዝም እላለሁ። አንቺም ስሜን እንዳትጠሪ። ማይኩም እንዳትዪ። የእህቴ ባል ወጣ እስኪባል።"

"አንተ? ዝም?"

ፈገግ ሊል ሞከረ። አረንጓዴው በር ሲገነጠል ሰማን።

ከፊት የገባው ሥጋ ቆራጩ ነው። ሽርጦቹን የምሰፋለት እኔ ነኝ፤ አንደኛውን ለብሶት ነበር። "ይቅርታ እትዬ፣ ቤትሽን ልናበላሽ ነው" አለኝ፣ ጨዋ ሰው ነው፣ ከዚያ ማይኩን በሰደርያው ጨብጦ ከግድግዳ አላተመው። ከኋላው በሩን ሞልተው ገቡ። ቁመቱን ሲያዩ ሳቁ። "ይሄ ነው እንዴ ያስሮጠን?" አንዱ በቡጢ ሆዱን አለው፣ ሲታጠፍ ሌላው በጉልበቱ ግንባሩን። ወደቀ። ጫማ ዘነበበት። የስፌት ወንበሬን ሰብረው በወንበሩ እግር ጎኑን መቱት፤ አጥንቱ ሲሰበር እንጨቱ መሰለኝ፣ ቀጥሎ ግን እንጨቱ ያልተሰበረ መሆኑን አየሁ። በግ የታረደበት ይመስል ነጭ ጨርቄ ሁሉ ቀላ።

"አንድ ጊዜ ጩህ እስቲ፣ ምስጥ!" ይሉታል። "ቅርጭ በል!" ሁሉም ቅርጭ፣ ቅርጭ፣ ቅርጭ ይላሉ፣ በእሱ ምላስ፣ በእሱ ዜማ፣ ልክ እሱ እንደሚለው እያሳመሩ። እሱ ከንፈሩን ነክሶ በአፍንጫው ብቻ ነው የሚተነፍሰው። ስልክ አፉ ላይ ደቅነው ይቀዱታል። ቢያቃስት እንኳ ያቺ ማቃሰት የእሱ ናት፣ ጎል ሲሳት እንደዚያ ነው የሚያቃስተው፣ አገር ያውቃታል። አላቃሰተም።

እኔ የሜትር መለኪያዬን አጥፌ ነክሼው ቆሜያለሁ። አፌን ብለቀው ስሙ ይወጣል።

"ቆይ፣ ለወንድማችን ልደውልለት" አለ ሥጋ ቆራጩ ደስ ብሎት። "ያዝነው ልበለው፣ አየር ላይ ይንገርልን።" ደወለ።

ከቺፑዱ ማዶ የዳኛ ፊሽካ ጮኸ። የማይኩ ስልክ አጠራር ነው። ሁሉም ቀና አለ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

መለኪያውን ከአፌ አወጣሁ። "የጎረቤቴ ነው። ስልኳን ረስታ ነው የወጣችው፣ ቀኑን ሙሉ ሲያደነቁረኝ ዋለ።" ድምፄ እንዴት ቀና ብሎ እንደወጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ፊሽካው ጮኸ፣ ጮኸ። ሥጋ ቆራጩ ግድግዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ ስልኩን ዘጋው። ፊሽካውም ቆመ። ፈጣሪ ይመስገንና ሁለቱን አላገናኛቸውም፤ በልቡ የሣለው ወንድሙ እንዲህ ያለ ቺፑድ ቤት ውስጥ አይኖርማ።

"አያነሳም" አለ። ፊቱ ተለወጠ። "አፍነውታል። እውነትም አፍነውታል!" ተንበረከከና ማይኩን በጸጉሩ ይዞ ቀና አደረገው። እንባ በዐይኑ ሞልቶ ነበር፣ አይቼዋለሁ። "የት ወሰዳችሁት? ወንድማችንን የት ነው ያደረጋችሁት? ተናገር! የእሱን አንድ ጸጉር ከነካችሁ…"

የሚጠይቀው ሰው በእጁ ነው። ማይኩ በደም ውስጥ አየው። ዝም።

ካውያው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ሥጋ ቆራጩ ሲያነሳው "አይሆንም!" አልኩ። የሰማኝ የለም። አንዴ ነው የመታው። የተሰማው ድምፅ ሳህን ከእጅ ሲያመልጥ ያለው ዓይነት ነው። አገጩ ወደ ጎን ሄደ፣ ጥርስ ከስፒሎቼ ጋር ወለሉ ላይ ተበተነ። በድጋሚ ሊያነሳው ሲል ከአስፋልቱ በኩል የፖሊስ መኪና ጩኸት መጣ። እንደ ውሃ ፈሰው ወጡ። ሥጋ ቆራጩ ካውያውን ቦታው ላይ መለሰልኝ። "ጨርቅሽ ተበላሸ እትዬ፣ ይቅርታ" ብሎ ወጣ።

የእኔ ስልክ ጠራ። እህቱ ናት፣ ታለቅሳለች፣ ትስላለች። "ወጣ። እጁ ተቃጥሏል፣ ጣቶቹ… ግን ወጣ፣ ይተነፍሳል።"

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ጆሮው ላይ ጎንበስ አልኩ። "ወጣ" አልኩት። "አሁን መጮህ ትችላለህ።"

አፉን ሊከፍት ሞከረ። የመጣው ደም ብቻ ነበር።

እውነተኛው ለኪ በማግስቱ ከገበያው ድልድይ ሥር ካለ ቱቦ ውስጥ ወጣ። ጭንቅላቱ ተፈነከተ እንጂ ደህና ነው። የጎሚስታውን መንገድ በዐይኑም አላየውም። አገሩ ግን ሌላ ነገር ነው ያመነው፤ የሕዝብ አፍን ምስጦቹ ገደሉት ተባለ። ሌላ ቀልደኛ በስልኩ አየር ላይ አለቀሰለት፣ እያለቀሰም አድማጮቹን ወረሰ። በዚያ ልቅሶ ምክንያት የማዘጋጃ ቤቱ መስኮት አንድም ሳይቀር ረገፈ፣ አንድ የጥበቃ ሠራተኛም ዐይኑ ጠፋ። ሟቹ እኔ ቤት በቀጭን ቱቦ ሾርባ ይጠጣል፣ አገጩ በሽቦ ታስሯል። ይሄን ሁሉ ሰምቶ እስክርቢቶ ጠየቀኝና ወረቀቱን ፊት ለፊቱ አድርጎ ብዙ ቆየ። ምንም አልጻፈም። ምን ብሎ ይጻፍ? እውነቱን ተናግሮ አይቶታል።

ሥጋ ቆራጩ አዲስ ሽርጥ ሊያዘኝ መጥቶ አጠገቡ ተቀምጧል፤ ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሎ መነጽሩንም አድርጎ ስለነበር አላወቀውም። "ይህን ወንድም ምን አገኘው?" አለኝ። "መኪና" አልኩት። "አይዞህ" ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ማይኩ በጭንቅላቱ አመሰገነው።

ሽቦው ከተፈታ በኋላም አልተናገረም። ሐኪሙ ትችላለህ ይለዋል፣ እሱ ትከሻውን ይሰብቃል። እንዲህ ባለ ሁኔታ አንድ ከሰዓት በኋላ ሁላችን እኔ ቤት ኳስ እያየን ነበር፤ እሱ፣ እህቱ፣ ጎሚስታውም ሁለት እጁ እንደ ትራስ በፋሻ ተጠቅልሎ። ጨዋታው የሞቀ ነው። አጥቂው ኳሷን ይዞ ተከላካዮቹን አልፎ፣ በረኛው ብቻ ሲቀረው፣ ምስሉ ቆመ። መስመሩ ተቋረጠ። አጥቂው አንድ እግሩን አንስቶ አየር ላይ ቀረ።

 ጎሚስታው ቀስ ብሎ ወደ ማይኩ ዞረ። ፊቱ ላይ አሁንም የቃጠሎው ጠባሳ አለ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሲቀልድ ሰምቼው አላውቅም።

"እሺ የሕዝብ አፍ" አለው። "ኳሷ የት ደረሰች?"

ማይኩ የቆመውን ምስል አየ፣ የእህቱን ባል ፋሻ አየ። አገጩን በእጁ ደገፍ አደረገ። የመጣው ድምፅ ትንሽ፣ የተሰነጠቀ፣ ልክ የቁመቱን የሚያክል ድምፅ ነው።

"አላውቅም" አለ።

ምስሉ እስኪመለስ ቁጭ ብለን ጠበቅን።